የመሄጃው ታንከርና የመመለሻው ታንከር

ከኤልኮ በስተደቡብ፣ ኔቫዳ
ሰኔ 5 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

ለተከበርሽው የአክስቴ ልጅ ለካታሊን፤

ሰላምታዬ ከአንቺ አልፎ ለላሞችሽ፣ ለጎረቤቶችሽ፣ እስከ ዛሬ ከቦታው ካለም ለቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የድንጋይ ወንበር ይድረስ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ክረምት በረዶ ላይ ከወደቅሁ ወዲህ ቀኝ ትከሻዬ ከባድ ነገር አንሺ ሲሏት እምቢ ትላለች። የቀረው አካሌ ግን ሰባ ዓመት መሙላቱን ገና አልሰማም።

የፋሲካ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። "ያቺን ስለ እሷ የምታወሪልኝን መኪና ፎቶግራፍ ላኪልኝ" ብለሻል፤ ይኸው ልኬልሻለሁ። አጠገቧ የቆምሁት እኔ ነኝ። አጭር የመሰልሁሽ እሷ ረጅም ስለሆነች ነው እንጂ እንደ ድሮዬ ነኝ።

ከባድ ፒክአፕ ናት። ኋላዋ ላይ የወር ቀለብ ጭነሽ፣ ውሃ የሞላ ተጎታች አስረሽ ዳገት ስታወጫት አታለከልክም። ባሌ ጋኒሽ ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የገዛት ለጉልበቷ አልነበረም፤ ለሆዷ ነው። ሁለት የነዳጅ ታንከር አላት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፤ እያንዳንዳቸው አሥራ ዘጠኝ ጋሎን ናፍጣ ይይዛሉ። በእናንተ ሊትር ሁለቱ አንድ ላይ መቶ አርባ አራት ገደማ መሆኑ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ መቀያየሪያ አለች። ወደ ግራ ስትጫኛት ከፊተኛው ትጠጣለች፤ ወደ ቀኝ ከኋለኛው። የነዳጅ መለኪያው አንድ ነው፤ የሚያሳይሽም የመረጥሽውን ታንከር ብቻ ነው።

ጋኒሽ የፊቱን "መሄጃ"፣ የኋላውን "መመለሻ" ብሎ ሰየማቸው። ሕግም አወጣላቸው። መመለሻው ሁልጊዜ እስከ አፉ ድረስ ይሞላል፤ መሄጃው ደርቆ ሞተሩ እስኪያስነጥሰው ድረስ ማንም አይነካውም። "ሴትዮ፣ መመለሻሽን ከነካሽ ፊትሽን ወደ ቤት አዙሪ" ይለኝ ነበር። እሱ ከሞተ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ ሕጉን አንድ ቀን አልሻርሁም። በዚህ አገር ሰው የሚሞተው በጥማት ወይም በብርድ ይመስላል እንጂ መነሻው ብዙ ጊዜ የነዳጅ ስሌት ነው።

በበጋ በጎቻችን ተራራ ላይ ናቸው። የሚጠብቁልኝ ከፔሩ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ትልቁ ኤውሴብዮ ይባላል። በየአሥር ቀኑ ዳቦ፣ ድንች፣ ጨው፣ የውሻ ምግብና ውሃ አደርስላቸዋለሁ። መንገዱ ክብ ነው። ከግቢዬ በር ይነሳና አንድ ተራራ አቋርጦ፣ የጨው ሜዳውን ዞሮ፣ ሁለተኛ ተራራ አልፎ፣ እንደገና እዚያው በር ላይ ያልቃል። ሁለት መቶ አርባ ማይል ነው፤ አብዛኛው ኮረኮንች፣ ዳገትና ጎርፍ የቆፈረው ቦይ። ከተማ የለበትም። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ በርሜል ደብቄ ልተው ብልም አይፈቀድልኝም። ያለው አንድ ማደያ ብቻ ነው፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ያለችው የሎሬታ ሱቅ። አንዲት ፓምፕና አንድ የማይሠራ ስልክ አላት። ሁልጊዜ እዚያ ቆሜ ጥቂት ጋሎን እጨምራለሁ፤ ለነዳጁ ብዬ ሳይሆን ለሎሬታ ወሬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሎሬታ "ግራስያና፣ ነሐሴ ሲያልቅ እዘጋለሁ" አለችኝ። "መሬት ውስጥ የተቀበረው ታንከሬ አርጅቷል። የመንግሥት ሰዎች አውጪው ይሉኛል። እሱን ላውጣ ብል ሱቄም አብሮ ሊወጣ ነው።"

አዘንሁላት እንጂ ለራሴ አልደነገጥሁም። መኪናዬ ጭነት ይዛ በጋሎን ሰባት ማይል ትሄዳለች። ሠላሳ ስምንት ጋሎን ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ማይል ነው። ሙሉውን ዙሬ ሃያ ስድስት ማይል ይተርፈኛል። ጋኒሽ ይህን ሁሉ አስቦ ነው የገዛት።

የቀይ ቃሪያ ዘር ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ባለፈው ዓመት የዘራሁትን አጋዘን በላው።

ሸለቆሽ ከጉም አይጉደል፤ ጓዳሽም ከአይብ።
ግራስያና

———

አሪስኩን፣ ባስታን ሸለቆ
ሰኔ 28 ቀን 1994

ለባሕር ማዶዋ እህቴ ለግራስያና፤

እንደምን ከርመሻል? ሰላምታ እንደምልክልሽ ዝናብም መላክ ብችል እልክልሽ ነበር፤ እዚህ ተርፎናል። እኔና ላሞቼ ደህና ነን። ድንጋይ ወንበሩም አለ። ከእኔ ጋር አብሮ እያረጀ ነው፤ ልዩነታችን እሱ አያጉረመርምም።

ፎቶግራፉን ቡና ቤት ወስጄ አሳየሁት። አንቶን መነጽሩን አውጥቶ አየና "ይቺ መኪና ናት ወይስ ጋጣ?" አለኝ።

"መኪና ናት።"

"አጠገቧ ያለችው አሮጊትስ?"

"ከአንተ በሦስት ዓመት የምታንስ፣ ተጎታች አስራ ወደ ኋላ መንዳት የምትችል ሴት ናት። አንተ ባለፈው ጥምቀት ጋሪህን ወደ ኋላ ልግፋ ብለህ የቄሱን አጥር አፍርሰሃል" አልሁት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቶን የወይን ጠጁን ብርጭቆ ይዞ ጥግ ያዘ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ኮራሁብሽ። የእኔ መኪና ሙሉዋ ሠላሳ አምስት ሊትር ናት። ያንቺዋ አራት የእኔን መኪና አጠጥታ ለመብራት የሚሆን ይተርፋታል። ከሁሉም ግን የገረመኝ የባልሽ ሕግ ነው። እኛ እዚህ ስንወጣ መመለሻችንን አናስብም፤ ከየትም ብንቀር ከአንዱ ዘመድ ደጅ ነው። መመለሻውን ለብቻው አስቀምጦ የሚወጣ ሰው፣ የሚኖርበትን መሬት ያወቀ ሰው ነው።

ግን አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ ሻቢየር ከሞተ ወዲህ ላይኛው ፎቅ ባዶ ነው። እናትሽ የተወለደችበትን ክፍል በግንቦት ቀለም ቀባሁት፤ ነጭ። አልጋም ገባበት። ለማን ነው ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አልሰጠሁም። አንቺም መልስ ስጪኝ አልልሽም። ሎሬታ ስትዘጋ፣ በረዶው ሲመጣ፣ ትከሻሽ እምቢ ስትል እንድታስቢው ያህል ነው የጻፍሁት።

የቃሪያውን ዘር በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። አጋዘኑን ሰላም በይልኝ።

የደጅሽ መንገድ ይቅናሽ።
ካታሊን

———

ሐምሌ 24 ቀን 1994

ለአክስቴ ልጅ ለካታሊን፤

በጤናሽ ያቆይሽ። ዘሩ ደርሶኛል፤ በማግሥቱ ዘራሁት። የአንቶንን ነገር ደግሜ ደጋግሜ አንብቤ ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ አልሳቅሁም።

ሎሬታ ከመዝጋቷ በፊት ልሞክረው ብዬ ባለፈው ዙር ማደያዋ ጋ ሳልቆም አለፍሁ። ሁለቱንም ታንከር እንደ ልማዴ በእጄ እስከ አፋቸው ሞልቼ ነው ከቤት የወጣሁት። መሄጃው መቶ ሠላሳ ማይል ሊወስደኝ ይገባ ነበር። ሰማንያ አምስት ላይ ሞተሩ አስነጠሰ። መለኪያውን ባየው ባዶ ነው። ወደ መመለሻው ቀየርሁና ቀጠልሁ። መመለሻው እንደ ድሮው ነው፤ አንድ ማይል አልጎደለበትም። ጋኒሽ "ወደ ቤት ሲዞር ፈረስም መኪናም እርምጃው ይቀላል" ይል ነበር፤ እኔም እንደዚያ አልሁ። ግን ከመሄጃው የጎደለውን አልሞላልኝም። ከቤቴ በር ሃያ ሁለት ማይል ሲቀረኝ መንገድ መሃል ቆምሁ።

አመሻሽ ላይ የጎረቤት ከብት አርቢዎች ሠራተኛ ኩርቲስ አገኘኝ። ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ "ሚስዝ ኢርያርቴ፣ በዚህ ዕድሜ ሽርሽር ወጡ እንዴ?" አለኝ። ጎትቶ ቤቴ አደረሰኝ። ደግ ልጅ ነው፤ አፉ ግን ክዳን የለውም። በሦስተኛው ቀን ልጄ ዶሚኒክ ከሬኖ ከተማ ድረስ ነድቶ መጣ።

ኩሽና ውስጥ ቆሞ "እማ፣ ሞልተሻት ነበር?" አለኝ።

"ሞልቻታለሁ።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም አልሁህ እኮ።"

"እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?"

አንቺ ንገሪኝ፣ ካታሊን። ሰው መሙላቱን በምን እርግጠኛ ይሆናል? በእጄ ነዋ። ሁልጊዜ እንደማደርገው አደረግሁት። ግን ሁልጊዜ የምታደርጊውን ነገር ዛሬ ማድረግሽን በምን ታውቂያለሽ?

ኤልኮ ያለው መካኒክ አየልን። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ቆማ ስትታይ አንዲት ጠብታ አታፈስም አለ። "ትንሽ ጀሪካን ይዤ እወጣለኋ" አልሁት ዶሚኒክን። "በየትኛው ትከሻሽ?" አለኝ። ከዚያ ለስለስ ብሎ "እማ፣ እኔን ያስፈራኝ ሃያ ሁለቱ ማይል አይደለም። የት እንደገባ አለማወቃችን ነው። ዛሬ ሃያ ሁለት ጎደለ፤ ነገስ?" አለ። ልክ ነው። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እንዲህ ተስማማን። በመስከረም፣ በጎቹ ከተራራ ከመውረዳቸው በፊት ያለውን የመጨረሻ ዙር አብሮኝ ይወጣል። ያለ ሎሬታ፣ ያለ ጀሪካን፣ በራሷ ነዳጅ በራችን ከደረስን በጎቹም እኔም እንቆያለን። ካልደረስን በጎቹ ይሸጣሉ፤ እኔም እሄዳለሁ። ወዴት እንደምሄድ አልተነጋገርንም።

ኤውሴብዮም የራሱን ጨመረብኝ። እንደ እረኞቹ ልማድ ዳቦው ላይ በቢላ መስቀል ሠርቶ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለውሻው ሰጠ። ውሻው አሸተተና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። "ሴኞራ፣ አይቆጡኝና ዳቦው ናፍጣ ናፍጣ ይላል" አለኝ። እኔ አይሸተኝም፤ ናፍጣ የማይሸት ልብስም የለኝ።

አሁን የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። ክፍሉ በክረምት እርጥበት አለው ወይ? ሌላው ደግሞ፣ እናቴን ያ የመርሳት ነገር ሲጀምራት ዕድሜዋ ስንት ነበር? እኔ እዚህ ስለነበርሁ አላየሁም። ያየሻት አንቺ ነሽ። እውነቱን ጻፊልኝ።

ያንቺው
ግራስያና

———

ነሐሴ 21 ቀን 1994

ለካታሊን፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ አልደረሰኝም፤ ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል ብዬ ነው ደግሜ የምጽፈው። ሳር አጨዳ ላይ ከሆንሽም ይገባኛል።

ቃሪያው በቅሏል። ሎሬታ ዕቃዋን በካርቶን እያሰረች ነው። እኔ አሁን ታንከር ስሞላ ክዳኑ ላይ ክር አስራለሁ። በኋላ "ሞልቼ ነበር ወይ?" ብዬ ስጠራጠር ክሩን አየዋለሁ። ባለፈው ዙር ሁለቱም ክሮች በቦታቸው ነበሩ። የኋለኛው ብቻ ናፍጣ ጠጥቶ አቧራ ለብሶ ጭቃ መስሏል። ሞልቼ ነበር ማለት ነው። መሄጃው ግን እንደገና ሰማንያ ላይ አለቀ። ሎሬታ ጋ ባልቆም ኖሮ አሁንም መንገድ ላይ ነበርሁ።

ክር አስሮ ራስን መጠበቅ እንዴት እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ለሁለቱ ጥያቄዎቼ መልስሽን እጠብቃለሁ።
ግራስያና

———

አሪስኩን
መስከረም 3 ቀን 1994

ለእህቴ ለግራስያና፤

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁኑ። የሐምሌው ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ ሁለቱንም ምድጃ ውስጥ ከተትሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። የክሩን ነገር ካነበብሁ በኋላ ግን ሦስተኛውን ማቃጠል አልቻልሁም።

መጀመሪያ ስለ እናትሽ። አክስቴን ሲጀምራት ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጨው ከዶሮዎቹ ቤት ታስቀምጥ ነበር፤ ለሞተው አባትሽ ምሳ ትቋጥር ነበር። ግን አንድም ቀን "ተሳስቼ ይሆን?" ብላ አታውቅም። የምትሳሳተው ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ፣ ቄሱ ነበር፣ ዶሮዎቹ ነበሩ። ክር አስሮ ራሱን የሚፈትን ሰው እሷ የገባችበት ውስጥ አልገባም። ጭንቅላትሽ ደህና ነው፣ ግራስያና። የሚጠፋው ናፍጣው ነው።

አሁን ስለ ናፍጣው። ትራክተሬን በየክረምቱ እጄን ጥቁር አድርጌ የምጠግነው ራሴ ስለሆንሁ ይህን አውቃለሁ። የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው በላይ ይስባል። የተረፈውን በሌላ ቱቦ ወደ ታንከሩ ይመልሳል። የእኔዋ አንድ ታንከር ስላላት የጠጣችበት ላይ ትመልሳለች፤ ሌላ የምትሄድበት የላትም። ያንቺዋ ግን ሁለት አላት። ከመሄጃው እየጠጣች ትርፉን ወደ መመለሻው የምትመልስ ከሆነስ? ሁለቱን የሚያቀያይረው ነገር ግማሹ ሠርቶ ግማሹ ተጣብቆ ከሆነ ይህ ይሆናል።

ጤነኛ መኪና ላለው ሰው የጋኒሽ ሕግ ወርቅ ነው። እዚህ ላይ ግን የጎዳሽ እሱ ነው። መመለሻው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ የሚመለስለትን ናፍጣ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ወዴት ይሂድ? በክዳኑ ሥር ይወጣል። ክርሽን ያራሰው፣ ውሻውን ያስቀየመው ዳቦ ላይ የተረጨው እሱ ነው። ወደ መመለሻው ስትቀይሪ ደግሞ ከዚያው ጠጥታ ወደዚያው ትመልሳለች፤ ስለዚህ አይጎድልም። ፈረስ ወደ ቤቱ ስለዞረ አይደለም። ቆማ ስትታይ የማታፈሰውም ለዚህ ነው፤ መካኒኩ አይፈረድበትም።

መካኒክ ከመጥራትሽ በፊት እንዲህ አድርጊ። ከመመለሻው ጀምሪ። ግማሽ ሲደርስ ወደ መሄጃው ቀይሪ። ጥቂት ከሄድሽ በኋላ መቀያየሪያዋን ለአንድ አፍታ ወደ መመለሻው መልሰሽ መለኪያውን እዪ። ከግማሽ በላይ ወጥቶ ካገኘሽው እኔ ትክክል ነኝ። ናፍጣሽም አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ሁሉም ከአንቺ ጋር ይዞራል።

ክፍሉ እርጥበት የለውም። ደረቅ ነው።

ካታሊን

———

ከኤልኮ በስተደቡብ
መስከረም 25 ቀን 1994

ለአክስቴ ልጅ፣ ለእህቴ፣ ለካታሊን፤

ይህን ደብዳቤ ስትከፍቺ ደስታ አብሮት ይውጣ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዙሩ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ለዶሚኒክ አልነገርሁትም። ተሳፈርን። ሲነጋ የቡና ስኒውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ፤ የመንገዱን ማይል እያየ። እጄን ወደ መቀያየሪያዋ ስሰድ ጣቴ ወደ ግራ ሊሄድ አለ። በሕይወቴ ወደ ቀኝ ተጭኜ ከበር ወጥቼ አላውቅም። ተጫንሁ።

"መመለሻውን?" አለ ዶሚኒክ። "አባባ ቢያይሽ!"

"አባትህ ቢያይ ይጠይቃል እንጂ አይጮህም።"

"እሺ፣ እየጠየቅሁ ነው።"

"እያየህ ቆይ።"

ሰባ ማይል ላይ፣ የመጀመሪያው ዳገት ጫፍ ስንደርስ፣ መርፌዋ ግማሽ ነካች። ወደ መሄጃው ቀየርሁ። የኤውሴብዮ ሰፈር ደርሰን ውሃውንና ቀለቡን አራገፍን። ዳቦውን በዚህ ጊዜ ከፊት፣ ጋቢና ውስጥ ከእኛ ጋር ነበር ያስቀመጥሁት። ኤውሴብዮ መስቀሉን ሠርቶ ለውሻው ሰጠው፤ ውሻው አላሸተተም፤ ዋጠው። "ዛሬ ታርቀዋል" አለ ኤውሴብዮ።

ከዚያ ወደ ጨው ሜዳው ወረድን። ዶሚኒክን "መቀያየሪያዋን ወደ ቀኝ ተጫንና መለኪያውን ንገረኝ" አልሁት።

ተጫነ። አየ። ጣቱን አንስቶ እንደገና ተጫነ። "እማ፣ ይሄን ግማሽ ላይ አይደል የተውነው?"

"ግማሽ ላይ።"

"ሦስት አራተኛ ሊሆን ነው።"

"በል ወደ ግራ መልሰው።"

ወደ ግራ መለሰው። ከዚያ "መኪና በመንገድ ላይ ናፍጣ ስትወልድ አይቼ አላውቅም" አለና መሳቅ ጀመረ። እኔም ጀመርሁ። ሜዳው መሃል አቁሜ እንባዬን ጠረግሁ። ያንን መርፌ ሳይ የመጣልኝ ናፍጣው አይደለም። ሞልቼ ነበር፣ ካታሊን። በየዙሩ፣ በየቀኑ፣ ሁለቱንም ሞልቼ ነበር።

ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። የአገራችንን ቋንቋ ባስክኛን የሚችለው ኩሽና ውስጥ የሚነገረውን ያህል ብቻ ስለሆነ ጣቱን በየቃሉ ላይ እያስኬደ አነበበው። ሲጨርስ "ይቺ ሴት ይቺን መኪና አይታት ታውቃለች?" አለኝ። "በፎቶግራፍ" አልሁት። አጥፎ መለሰልኝና ባርኔጣውን አወለቀ። ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ባርኔጣውን ያወለቀው ለማን ነው መሰለሽ?

ሎሬታ ጋ ስናልፍ ዘግታለች። ፓምፗ ላይ የድንች ጆንያ አልብሳታለች። የመኪናዋን ጡሩምባ ነፋሁላት፤ መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው ተራራ ላይ መሄጃው አስነጠሰ፤ ወደ መመለሻው ቀየርሁ። ኩርቲስ ጎትቶኝ የነበረበትን ቦታ ስናልፍ ዶሚኒክ አላወቀውም፤ እኔም አላሳየሁትም። በራችን ስንደርስ ፀሐይ ገና ልትጠልቅ ነበር። መርፌዋ ባዶው ላይ አላረፈችም፤ ከበላዩ ቆማለች።

ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። ከገባሁ በኋላ በመስኮቱ በኩል "የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው?" አለኝ።

"ለምን? ልትቆጣጠረኝ?"

"ልነዳ።"

"አታስበው" አልሁት።

በጎቹ አይሸጡም። ለክረምቱ ወደ ቆላው ግጦሽ ይወርዳሉ፤ እኔም እንደ ልማዴ እከተላቸዋለሁ። መካኒኩ የተጣበቀውን ቫልቭ አውጥቶ አሳየኝ፤ ከቡጢ አይበልጥም። አዲስ አስገባና ከእጁ ላይ ጥቁሩን እየጠረገ "ማን ነገረዎት?" አለኝ። "ላም አላቢ ናት" አልሁት፤ ደብዳቤሽን ቁጭ ብሎ እንድተረጉምለት ለመነኝ። አዲሱ ከገባ ወዲህ ወደ ጋኒሽ ሕግ ተመልሻለሁ። ሕጉ ትክክል ነበር።

ለምን እንደዘገየሽ አልጠይቅሽም። እኔ ያደረግሁት ዳገት መውጣት ነው፤ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ መኪናዋም ትችላለች። ነጭ ቀለም የተቀባ ክፍል እያየሽ፣ ያንን ደብዳቤ ይዘሽ እስከ ፖስታ ቤቱ የሄድሽው መንገድ ግን ከእኔ ሁለት መቶ አርባ ማይል ይረዝማል። ይህን ጽፌ ብሞት አይቆጨኝም።

የአክስቴን ልጅ እግዚአብሔር ይባርክልኝ።
ግራስያና

———

አሪስኩን
ጥቅምት 14 ቀን 1994

ለግራስያና፤

በጤና ያገናኘን። ደብዳቤሽ የደረሰው ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። መጀመሪያ ላሞቹን ውሃ አጠጣሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አነበብሁት። ከዚያም ቡና ቤት ሄድሁ።

አንቶን ጥጉን ይዞ ነበር። "ያቺ እህትህ" አልሁት፤ ከፎቶግራፉ ወዲህ እህቱ አድርጎሻል፤ "ያለ አንድ ማደያ ሁለት መቶ አርባ ማይል ዞራ ቤቷ ገባች።"

"በሰው ቋንቋ ስንት ነው?"

"አራት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው።"

በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መንገድ ሠራ። "ከዚህ ተነስታ ማድሪድ ልትገባ ስትል ማለት ነው" አለ። "ተራራ ወጥታ፣ ውሃ ጎትታ።" ከዚያ አንቶን ለሁሉም ሰው ወይን ጠጅ አዘዘ፤ ይህን ሰው ሳውቀው ይህ የመጀመሪያው ነው። ለጤናሽ ጠጡ። እኔም ጠጣሁ።

አዝነሽ ይሆን ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ደግ አደረግሽ። ሰው ቤቱ ሲቀመጥ አይታዘንም። ላይኛውን ፎቅ ከኅዳር ጀምሮ ለአዲሷ አስተማሪ አከራየሁት። ስታወራ ጎርፍ ናት፤ ቤቱን ልታይ ስትመጣ ደረጃውን እንደ ፍየል ነው የወጣችው። ቤቱ ድምፅ ሊያገኝ ነው።

ከእንግዲህ ፎቶግራፍ አልጠይቅሽም፤ ነይም አልልሽም። የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ክረምቱንም በጋውንም፣ ዙር የምትወጪበትን ቀን አስቀድመሽ ጻፊልኝ። አስቤዋለሁ፤ ሰዓቱ ይገጥማል። አንቺ ጎህ ሲቀድ ከበርሽ ስትወጪ እዚህ ከምሳ በኋላ ነው፤ ሳር እያጋዝሁ አስብሻለሁ። ወደ መመለሻው ስትቀይሪ እኔ እሳቱን አዳፍኜ እተኛለሁ። ላሞቹ ሲቀሰቅሱኝ ደግሞ እዚያ መሽቶ አንቺ ቤትሽ ገብተሻል።

ያኔ ተነስቼ አልባለሁ።

ካታሊን